የእታለም ሙዳይ ሆድ

ሰኞ

«ይኼ ከላይ፣ ከደጋ፣ በሎሪ የመጣ ነው» አለችኝና ሙዳዩን እንደ ሽንኩርት ከረጢት ወደ ጎን ገፋችው። ማማ ሐሊማ ናት፤ ቅዳሜ በሴቶች ማኅበር አዳራሽ የሚከፈተውን የሞያሌ የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ የምታዘጋጀው።

«ምዋሊሙ፣ አትቆጣ። የሐበሻ ስፌት ቆንጆ ነው። ግን የሞያሌ ሥራ አይደለም። ከኋላ ጠረጴዛ አለ፣ ለመጣ ዕቃ።»

የመጣ ዕቃ! አክስቴ እታለም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከዚያው አዳራሽ ጀርባ ባለው ቤት ተቀምጣ የሰፋችው ነው። ይህንኑ ነገርኳት።

«ኡሻሂዲ አለህ?» አለችኝ በስዋሂሊ፤ ማስረጃ ማለቷ ነው።

ምዋሊሙ፣ መምህር፣ ተብዬ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ማስረጃ ሳያቀርብ መልስ ብቻ ጽፎ ለሚያመጣ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ዜሮ ተሰጠኝ። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። የሚታዩት ሥራዎች ዝርዝር ዓርብ ከሰዓት ይዘጋል።

ማክሰኞ

ማስረጃው አለ። ችግሩ፣ ያለው ሙዳዩ ሆድ ውስጥ ነው።

ደገኛ ሲሰፋ ውስጡን በስንደዶ ይሞላል፣ ላዩን በአክርማ ይጠቀልላል። ሁለቱም ሣሮች እዚህ አይበቅሉም፤ ለእታለም ሾፌሮች ነበሩ የሚያመጡላት። አንድ ዓመት መንገዱ ተዘጋ። አክርማውን ከአሮጌ ስፌት እየፈታች አጥባ እንደገና ቀለም ነከረችው። ስንደዶው ግን አለቀ። ያን ጊዜ በዚህ ሙዳይ ውስጥ የቦረና ጎረቤቶቿ የወተት ዕቃ የሚሠሩበትን ሥር ሞላችበት። ከደጋ የመጣ ሙዳይ እንዲህ ያለ ሆድ የለውም።

አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከጋሪ ወድቄ እግሬ ተሰብሮ ተጋድሜ አለቅስ ነበር። ወስፌዋን እጄ ላይ አስቀመጠች። «የተሰበረው እግርህ ነው፤ እጅህ ምን ሆነ?» ሦስት ወር ሙሉ ሰፋሁ። ዙሩን በአውራ ጣቷ ትዳብስና አንድ ቃል ትላለች፦ «ፍታው።» ለምን እንደሆነ አትነግረኝም፤ ስሕተቱን ራሴ ማግኘት አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩኝ ሁሉ እሷን የሚያህል አላጋጠመኝም።

ሆዱን ለማሳየት የክዳኑን የመጨረሻ ዙር መፍታት አለብኝ። ከፈታሁት ደግሞ መልሼ መስፋት። ከእጇ ሥራ የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ሌላውን አይጥና ዘመድ ወስደውታል።

ረቡዕ

በቦዳቦዳ ሞተር ኦዳ ወደሚባለው መንደር ሄድኩ። አኮ ዲራሞ የምንላቸው አሮጊት የእታለም የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ሥሩን ቆፍረው የሚሰጧት እሳቸው ነበሩ። የተፈታውን መልሼ የምሞላበት ጥቂት ሥር ፈልጌ ነበር። ሰጡኝ። ከዚያ ሙዳዩን ገልብጠው መቀመጫውን ዳበሱና ሳቁ።

«ይኼን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ በኦሮምኛ።

«አይደለም። እዚያው ነበርኩ።»

«አንተ እንቅልፋም ነበርክ። እሷ ሥሩ እንዴት እንደሚታጠፍ አታውቅም ነበር፤ አምስቱን ዙር እኔ ሰፋሁላት። እሷ ቁጭ ብላ ‹ላላ፣ ላላ› እያለች ትሰድበኛለች። እኔ ሥር አስተማርኳት፣ እሷ ንዴት አስተማረችኝ። አንተንም ያስተማረችህ ይመስለኛል።»

እስከ ቤት ድረስ ስናደድ መጣሁ። በረንዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። መቀመጫው መሐል ያሉት አምስት ዙሮች ስፌታቸው ወደ ግራ ያጋድላል። ከስድስተኛው ጀምሮ ወደ ቀኝ። ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬ አላየሁትም።

የጀመረው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ካልተጠየቅኩ ዝም ብል ውሸት አይሆንም። ይህን ተማሪ ቢነግረኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ሐሙስ

በቁራጭ ሥር ተለማመድኩ። የተወጋ ጣት፦ ሦስት። የፈታሁት ዙር፦ አራት። የጮህኩበት ሰው፦ ባለቤቴ አስቴር፣ ያለ ጥፋቷ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ወስፌውን በእጄ ስታይ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ሃያ ስድስት ዓመት የሸሚዝህን ቁልፍ የምተክለው እኔ ነኝ። መስፋት ትችላለህ?»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እውነቱ እሱ አይደለም። እግሬ ድኖ ትምህርት ቤት ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ወንድ ልጅ ስፌት ሲሰፋ ከታየ ስም ይወጣለታል፣ ስሙም አብሮት ያረጃል። እታለም ገብቷት ነበር። ሰው ሲመጣ ሥራዬን ቀሚሷ ሥር ትደብቅልኝ ነበር። ነገ የሚደብቅልኝ የለም።

ዓርብ

ከአስቴር ጋር ሄድን፤ አዳራሹ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጮኸ።

ከክዳኑ ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ፈታሁ። አክርማው ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ቡናማ ሥር ነው፤ አንዲት ቢጫ ሣር የለችበትም። ማማ ሐሊማ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ጫረችው፣ አሸተተችው። እሷም ቦረና ናት፤ የእናቷን የወተት ዕቃ ሽታ የማታውቅ ቦረና የለችም።

«ሳዋ፣ ምዋሊሙ፣ እሺ» አለች ቀስ ብላ። «የኛ ነው።»

መልሼ መስፋት ስጀምር ሳቁ መጣ። አንዷ አስቴርን «እንዲህ ያለውን ከየት አገኘሽው? የእኔው ባል መርፌን ከምስማር አይለይም» አለቻት። ሌላዋ «ምዋሊሙ፣ ለልጄ ሠርግ ሁለት ስፋልኝ» አለች። አስቴር አገጯን ቀና አድርጋ «ተራ ያዙ» አለቻቸው። ቀና ብዬ አላየሁም፤ ቀና ካልኩ ስፌቱ ይላላል። ግን እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም።

ስጨርስ ማማ ሐሊማ እስክሪብቶ አንስታ «የማን ሥራ ልበል?» አለች።

ሁለት ስም ነገርኳት፤ ዲራሞን አስቀድሜ፣ የጀመሩት እሳቸው ናቸውና። ፊደሉን እንዳታበላሽ ካርዱን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት። ከሥሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ «እባክዎ አይንኩ» አልኩበት።

ቅዳሜ

የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ።

አኮ ዲራሞ መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። «የእሷስ?» አጠገቡ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ከዚያ ካርዱ የሚለውን ከምንም ሳይቆጥሩ ክዳኑን አነሡና ጠርዙን ዳበሱ። አውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ፍታው» አሉኝ።

ልክ ናቸው፤ ሦስተኛው ስፌት ላይ ላልቷል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አየሁት። ሌላ ያየ ሰው የለም። ዐውደ ርእዩ እስኪዘጋ ሁለት ሳምንት አለ፤ እስከዚያ እንዳልነካው የሚከለክለኝ ካርድ ደግሞ የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው።