ሰማዩ የወሰደው አጥር

ሀዊዬ፣

የዚህ ፖስት ካርድ ጥበት አናዶኛል። ጽንፈ ዓለሙ በየቀኑ ይሰፋል ይሉናል፤ ካርድ ሻጩ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም።

እዚህ ኬንያ ሞያሌ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከሬዲዮ የለቃቀምኩትን ለከብት ነጋዴው ለኤሌማ አስተማርኩት፦ ጠፈር ሲለጠጥ ጋላክሲዎች ይርቁናል፣ ሲርቁም ብርሃናቸው ወደ ቀይ ይቀየራል። ጎበዝ ተማሪ ነው! በማግስቱ አጥሩ የጎረቤቱ የማማ ካልቱማ ጓሮ ውስጥ ዘልቆ ተገኘ።

«እኔ አልነካሁትም፤ ጠፈሩ ነው የወሰደው። ከእኔ እየራቀ አይደል? ይኸው ቀልቷል!» ይላል።

አጥሩማ ከተተከለ ጀምሮ የሞያሌን አቧራ ለብሶ ቀይ ነው። እናንተ ጋ ዲላ ቢሆን ተስቆ ያልቅ ነበር፤ እዚህ ሽማግሌዎች ተሰየሙና እኔን ሊቁን ለነገ በምስክርነት ጠሩኝ። ሴትዮዋ ጓሯቸውን ቢያጡ ጦሱ የእኔ ነው።

እስቲ አንቺ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ጠፈር ሲለጠጥ አጥርም አብሮ ይሄዳል ወይስ ስበት ይይዘዋል? ካርዱ እንደ ኮከብ ብርሃን ነገሩ ካለቀ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መልሺልኝ።

ጠርዙ ላይ አጣብቤ የጻፍኩት ለእናትሽ ለአልጋነሽ ሰላምታ ነው። ትንሿን ልጅሽን ቢፍቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። ናፍቃች...

ቆዪ፣ በሩ ተንኳኳ። ማማ ካልቱማ ናቸው፣ ዶማ ይዘው።

«አንተ ሊቅ! አጥሩን ከእኔ ጓሮ ሆኜም ሳየው ቀይ ነው። ከእኔም እየራቀ ነው ማለት ነዋ! በል ተነስ፣ ሲርቅ እናግዘው!»

አጎትሽ