ከንቲባው ሩዝ በሻይ አልበሉም

ትናንት፣ ማክሰኞ ሰኔ አሥራ አንድ። ካፊያ። ችሎቱ ላይ አንተ፣ ጠበቃህ፣ ከንቲባ ኡሜዳ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው ወይዘሮ ኪኩኖ እና እኔ ነበርን።

ውድ ወንድሜ ሪዮሳኩ፣

እስካሁን ጆሮዬን ማመን አቅቶኛል። ዳኛው “ከንቲባው ቤቱን አፍርስ ብለው አዘዙህ?” ሲሉህ “የለም፣ በራሴ ነው” አልክ! ከንቲባው ያዘኑልህ መስለው አቀረቀሩ።

ከንቲባው ስለ ቤቱ ሲያነሱብህ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ። ያን ቀን በምግብ ቤቴ ምሳ ያቀረብኩላችሁ እኔ ነኝ። “ያ አሮጌ ቤት ባይኖር መንገዱ እንዴት ባማረ ነበር! አንተ ደግሞ የመንገድ ሥራ ኃላፊ ብቻ አይደለህም፣ ነገር የሚገባህ ሰው ነህ” አሉህ። እጅ ነሣህ። ወይዘሮ ኪኩኖ ከሆስፒታል ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ መሬት ነው።

ትናንት ከችሎቱ ስንወጣ ጠበቃህን በረንዳው ላይ ያዝኩት።

“ከንቲባው ‘ምኞቴን ነው የተናገርኩት’ ይላሉ፣ እትዬ ፉሚኖ” አለኝ። “ምኞት ከሆነ እስሩ የወንድምዎ ብቻ ነው። ትእዛዝ እንደነበር የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገናል። ነገ ይመሰክራሉ?”

“ላስብበት” አልኩት። ፈርቼ ነው።

ልጅ ሳለህ፣ እናታችን ብዙ ቆይታ አልሄድ ላለች ጎረቤት “ሩዝ በሻይ ላቅርብልሽ?” ስትል፣ “ለእኔም!” ብለህ የተቆነጠጥከው ትዝ ይልሃል? ሂጂልኝ ማለቷ እንደሆነ የገባህ ከቁንጥጫው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተነገረህን መስማት አበዛህ።

ዛሬ ጠዋት ምግብ ቤቱን ስከፍት ከንቲባው ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ።

“ፍርድ ቤት ለጤና አይመችም፣ እትዬ ፉሚኖ። በዚህ እርጥበት ሰው ቤቱ ቢያርፍ ይሻለዋል” አሉ ፈገግ ብለው። “የምግብ ቤቱ ፈቃድም የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል መሰለኝ?”

ክው አልኩ። ከዚያ በእናታችን ድምፅ፣ አፌ በራሱ ተናገረ፦

“ክቡር ከንቲባ፣ ሩዝ በሻይ ላቅርብልዎ?”

ብድግ አሉ። ፊታቸው ቀላ። ጫማቸውን በወጉ እንኳ ሳያጠልቁ፣ ጃንጥላቸውን ረስተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ሪዮሳኩ፣ ውጡ ያላቸው ሰው እኮ አልነበረም!

ምድጃውን አጠፋሁ። የበሩን መጋረጃ አወረድኩ። ጃንጥላቸውን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ይህን የምጽፍልህ ከችሎቱ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ጃንጥላው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ለዳኛው እንዴት እጄ እንደገባ እነግራቸዋለሁ።

ስሜን እየጠሩ ነው። እኔ ስናገር አንገትህን እንዳትደፋ።

እኅትህ ፉሚኖ