ሟቹ ፕሬዚዳንት በጫጉላ ቤት

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ! የቤተ መጻሕፍቱ ቁምሳጥን ባዶ ነው። አንዲት ቅዳጅ እንኳ የለችበትም። ቅዳሜ የአውራጃው ገዢ የትምህርት ቤታችንን አዲስ ክፍል በቅርቡ በተገደሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም ሊመርቁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ይመጣሉ፤ የሰውየውን ታሪክ የማነበው ደግሞ እኔ። የማውቀው መሞታቸውን ብቻ! ዲሬክተሩ «ፈረንጁ መምህር የተወው መጽሔት ሞልቷል፣ ምን አስጨነቀህ?» ብሎኝ ነበር። የዕቃ ቤት ኃላፊውን አቶ ታፈረን ጠየቅኋቸው።

«ከንቱ አቧራ ከሚጠጣ ብዬ የወንድ ልጄን ጫጉላ ግድግዳ ለጠፍኩበት። እንዴት እንዳማረ ቢያዩት!» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ቤተ መጻሕፍታችን በሊጥ ተለጥፎ ሙሽሮች ገብተውበታል።

ረቡዕ

ከራሴ ልጽፍ ሞከርኩ። «ደግ ሰው ነበሩ።» ይኼማ ስለ ማንም ይባላል። ጫጉላው ደጃፍ ሄድኩ፤ ሚዜዎቹ አገዱኝ። «ሙሽራ ካለችበት ሊገቡ? ነውር አይደለም እንዴ?» እውነታቸውን ነው። እንግዲያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ አምጡልኝ አልኩ። አንዱ የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ሐረግ እየሳለ ገልብጦ ሲያመጣልኝ የሳሙና ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ።

ሐሙስ

ደጃፉ ላይ ቆሜ ለሚዜው የፕሬዚዳንቱ ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ እንዲፈልግልኝ ሳስረዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ «ጋሼ፣ እኔ ላንብብልዎት?» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ እንግሊዝኛው ተንቆረቆረ።

ጥሩወርቅ! የስድስተኛ ክፍሏ አንደኛዬ! ከፋሲካ ወዲህ የቀረችው ታማ ነው ብለውኝ ነበር። እኔው ሰርጓን በልቻለሁ፣ ጠጁንም ጠጥቻለሁ። ፊቷ ተሸፍኖ፣ አማቶቿ አዲስ ስም አውጥተው «ዓለምነሽ» ሲሏት በምን ልወቅ?

ፕሬዚዳንቱ በልጅነታቸው ሕመምተኛ እንደ ነበሩ፣ አልጋ ላይ ሆነው መጽሐፍ ያነቡ እንደ ነበር አነበበችልኝ። እየተረጎምኩ ጻፍኩ። ሲያልቅ «ፈተናው ሰኞ ነው አይደል፣ ጋሼ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። በጣም ተናድጃለሁ።

ቅዳሜ

አነበብኩ፣ ተጨበጨበ። ገዢው «ይህን ሁሉ ከየት አገኘኸው?» ሲሉኝ ከአፌ አመለጠኝ።

«ከአቶ ታፈረ ምራት፣ ጌታዬ። ከጫጉላ ሆና አንብባልኝ ነው። ሰኞ ፈተና አለባት።»

ምን ነካኝ? አቶ ታፈረን ላብ አጠመቃቸው። ገዢው ግን ሳቁ። «ምራትህ እንግሊዝኛ ታነባለች? አስፈትናት እንጂ!»

«እሺ ጌታዬ» ብለው አቶ ታፈረ እጅ ነሱ። በሰው ፊት እሺ ማለትማ ማንን ያቅተዋል። ሲወጡ ዞር ብለውም አላዩኝ።

እሑድ

ማታ አቶ ታፈረ በሬን አንኳኩ። ሊሰድቡኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሙሽራ ከጫጉላ ሳትወጣ አደባባይ አትታይም» አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ የቸለሱብኝ ያህል ደነገጥኩ። ቀጠል አድርገው «ከሚዜዋ ጋር ተሸፋፍና ትምጣ። ፊቷን ሳትገልጥ መፈተን ትችላለች?» አሉኝ።

«ትችላለች!» አልኩ። እንዴት እንደምትችል እንጃ።