ሩዝ ላይ የተሳለው ገበሬ

ይድረስ ለወንድሜ ለኃይለ ገብርኤል፤ ከጣና ዳር የላክሁት ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ዘንድሮ በፍግ ብቻ ያበቀልነውን ሩዝ ለማሳየት፣ ጥቁርና አረንጓዴ ቅጠል ያለውን ሩዝ አሰባጥረን ማሳው ላይ የገበሬ ፊት ሠራን። ቤተ ክርስቲያን ሲስሉ የኖሩት አባባ መሩን፤ ዓይኖቹንማ በገዛ እጃቸው ተከሉ።

ትናንት ኮረብታው ላይ ወጥተን ቁልቁል ስናይ ክው ብዬ ቀረሁ! ገበሬው ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ የቀኙ ቦታ ባዶ! አባባ እኮ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ዓይን የሚስሉት እንደ ይሁዳ ላለ ክፉ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው «ሁለቱም ዓይኖቹ አማሩ አይደል?» አሉኝ።

«አምረዋል» አልሁ።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል፤ ምነው ቀደም ብትል? ስትመጣም፣ በቀኛቸው ያለ አይታያቸውምና፣ በግራቸው በኩል ቀርበህ ጉልበታቸውን ሳም።

ናፋቂህ እህትህ ሰብለ ወንጌል