ዲያቆን ላይመን ቦስቲክና የአያታቸው መሬት

ዲያቆን ላይመን ቦስቲክ ከአባታቸው ከአቶ ክላውድ ቦስቲክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሪና ሂችኮክ መጋቢት 3 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ገጠር፣ አያታቸው ጥጥ ለቅመው ባጠራቀሙት ገንዘብ በገዙት መሬት ላይ ተወለዱ።

ለጥቁር ልጆች በተከፈተችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በአካባቢው ባለው የነጭ ሸክላ አፈር ማዕድን ማውጫ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠሩ። በ1966 ከወይዘሮ ኦዴሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በጸሎት የሚደርስባቸው አልነበረም፤ መዝሙር ሲመሩ ግን ሁልጊዜ ከዜማው ይቀድሙ ነበር።

ወይዘሮ ኦዴሳ በ2015 ሲያርፉ ከቤቱ ጀርባ፣ ከአያቶች ጎን ተቀበሩ። በቤተሰቡ ልማድ በመቃብር ላይ ድንጋይ አይቆምም። የባሕር ዛጎልና ይጠጡበት የነበረው ስኒ ተደርድሮ የጥድ ችግኝ ተተከለላቸው።

በ2022 አንድ የግል ባቡር ኩባንያ በአቅራቢያው ካለው የድንጋይ ካባ የሚነሳ ሐዲድ ሊዘረጋ መጣ። ሕጉ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የሰው መሬት የማስለቀቅን ሥልጣን ለእንዲህ ዓይነቱ ኩባንያም ሰጥቷል። በመሬቱ ላይ መቃብር ካለ እንዲያስታውቁ ደብዳቤ ቢላክላቸውም፣ ዲያቆን ሳይከፍቱ መለሱት። «አባቴ ያልፈረምክበት ወረቀት መሬትህን አይነካም ብሎኛል፤ ለእነዚህ ሰዎች ጣት ከሰጠሃቸው እጅህን ነው የሚወስዱት» ይሉ ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸውም በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ደገፍናቸው። ተሳስተን ነበር። መልስ ስላልተሰጠ ቦታው በኩባንያው ካርታ ላይ ባዶ ጫካ ተብሎ ሰፈረ። ዲያቆን በችሎት ቆመው ስለ ሚስታቸው መቃብር ሲናገሩ፣ የኩባንያው ጠበቃ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እንዳለ ጠየቃቸው። የለም አሉ። ሐዲዱ እንዲያልፍ ተፈረደ።

ባለፈው ጥቅምት የወይዘሮ ኦዴሳ አፅም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲዛወር፣ ዲያቆን ወንበር አስወጥተው ቁፋሮው እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጡ። የአያቶቹ መቃብር ምልክት ግን ከጊዜ ብዛት ጠፍቶ ትክክለኛ ቦታውን ለይቶ የሚያሳይ ሰው ስላልተገኘ እነሱ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲያቆን እህል አስጠላቸው። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው አለ። እኔ የወንድማቸው ልጅ ኢቬታ ግን ሐዘን ነው እላለሁ፤ ይህም አብሮ ይታተምልኝ።

የካቲት 9 ቀን 2025 በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት በሐዘን ቀርተዋል። ዛሬ ከባለቤታቸው ጎን እናሳርፋቸዋለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ለሕዝብ ጥቅም ነውና ተነሡ በማይባልበት ስፍራ ያኑርልን። አሜን።