አንዲት ክር

ልጄ፣ ባሕሩ እንደ ምንጣፍ ይዘርጋልሽ፤ የምትረግጪው ድንጋይ ሁሉ ይደላደልልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

አባትሽ ፎቶዎችሽን ልብስ ስፌት ቤቴ ግድግዳ ላይ ደርድሮ፣ ለገባ ደንበኛ ሁሉ «ቱሪስት በመርከብ ደሴት ለደሴት የምታዞረው ልጄ ይቺ ናት፤ ይሄኛው ደግሞ ወፉ ነው» ይላል። እንዳይምታታባቸው ነው መሰለኝ።

እኔ ግን ወፉን አላየሁም። ሠላሳ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ቁልፍ ላይ ነው። ከፔንግዊኖቹ ጋር የዛሬ አምስት ወር፣ ከነጩ ወፍ ጋር ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፎቶ ተነሣሁ ብለሻል። በሁለቱም ላይ የጃኬትሽ ሁለተኛ ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል። በዚያ ንፋስ እንዲህ ያለ ቁልፍ አምስት ወር ቀርቶ አምስት ቀን አይቆይም። እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሁለቱም የአንድ ሰሞን ፎቶ አይደሉም?

ለአባትሽ ትንፍሽ አላልኩም። ከመርከቡ አውርደውሽም ከሆነ፣ ታመሽም ከሆነ፣ እናትሽ ሆደ ሰፊ ናት።

የት እንዳለሽ የሚያውቅ አምላክ ይጠብቅሽ፤ እኔማ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ሌላ ወፍ አትላኪልኝ። ጃኬቱን ይዘሽ ነይ፤ ቁልፉን እኔ እተክለዋለሁ።

እናትሽ