ከማሰሮሽ ስር የቀረው ቀለም

ይታይሽዬ፣ እንደምን ነሽ ብዬ መጀመሬ ነው፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ደክሞኛል። የቤቱን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ፤ ቆርቆሮ ቀየርኩለት። ሁለተኛ፣ ቡሬዋ ላም ወለደች። ያደከመኝ ሦስተኛው ነው። ልጃችን ሰብለ ለዕረፍት ከምትማርበት ከማርቆስ የፍየል ቆዳ ተሸክማ መጣች። የጥንት ሰዎች በምን ይጽፉ እንደነበር እንድታውቁ አንድ የብራና ገጽ ራሳችሁ ሥሩ ብለዋቸዋል አስተማሪዎቻቸው።

ቆዳውን ዘፈዘፈችው፤ ግቢው ሸተተ። ጎረቤት ምን ይለናል ብዬ ስጨነቅ፣ «አባዬ፣ አፍንጫህን ያዝና ገመዱን ሳብልኝ» አለችኝ። እንጨት ላይ ወጥረን ስንፍቅ ሰነበትን። ይበሳል ብዬ ስፈራ ስፈራ በሳሁት። ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።

ብራናው ሲደርስ ቀለም የለም። ጥላሸትና የተቆላ ገብስ ተዘፍዝፎ እስኪበስል ወራት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ መመለሻዋ ደርሷል። ያኔ የቀለም ማሰሮሽን አየችው፤ ከጸሐፊው አባትሽ ቤት ያመጣሽውን። ስሩ ላይ ቀለምሽ ደርቋል፤ ማማሰያሽም እንደቆመ ነው።

አልሰጥም አልኳት። ያነጠርሽው ቅቤ አለቀ። የደለዝሽው በርበሬ አለቀ። የፈተልሽው ጥጥ ጋቢ ሆኖ ጫፉ ተበላ። ይሄም ይለቅ? ሰብለ አልተከራከረችኝም፤ ብራናዋን ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። እንዲህ ስታደርግ አንቺን ነው የምትመስለው።

አዲስ ተጋብተን ሳለን ላስደስትሽ ብዬ ያን ማሰሮ ላጥብ ስነሳ ከእጄ መንጭቀሽ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ታጥቦ ያውቃል እንዴ!» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። አባትሽ ቀለም ሲቀዱ ሁልጊዜ ከስር ያስቀሩ ነበር አልሽኝ፤ አንቺም አዲሱን ቀለም እላዩ ላይ ነበር የምትጨምሪው።

አንስቼ ሰጠኋት። ግማሹን ፍቃ በውኃ በጠበጠችው፤ መቃ ቀርጻ ጻፈች። ጥቁረቱ ያው ያንቺ ነው። የበሳሁት ቦታ ስትደርስ ፊደሉን በቀዳዳው ዙሪያ አዙራ ቀጠለች። እኔ ስንት ቀን የተብሰለሰልኩበትን እሷ ዞራው አለፈች።

ባለፈው ሳምንት ወደ ማርቆስ ተመለሰች። መኪናው ቁልቁለቱን በደህና መውረዱን እስክትደውል ድረስ አልተቀመጥኩም። ከዚያ ገብስ ቆላሁ፣ ከድስቱ ስር ጥላሸት ፋቅሁ፣ በቀረው ቀለምሽ ላይ ጨመርኩ። ልኩን ጠይቄሽ አላውቅም፤ በግምት ነው። ጠዋት ጠዋት ከብቶቹን ከመፍታቴ በፊት አማስለዋለሁ። ይሸታል፤ ምናልባት ደህና ምልክት ነው።

ይታይሽዬ፣ እኔ እያለሁ ይሄ ማሰሮ አይታጠብም። ከእኔ በኋላ ደግሞ ሰብለ አለች፤ ነግሬያታለሁ።